የባቡሩ ሂሳብ ከማን ሰሃን ላይ ነው የሚነሳው?

ባለፈው ጁምዓ ስንሰበሰብ አንዷ እህታችን «የግብፅ ፖለቲካ እኛን ምን አገባን? ዝም አይነቅዝም፣ ሰርተን እንግባ» አለች። አልፈርድባትም። እንግዳ ነን፣ ድምፅ አንሰጥም፣ ያለ ኢቃማ የምንኖርም ብዙ ነን። እውነት ነው ዝም አይነቅዝም። ግን ሆድም አይሞላም። ቲማቲም ስገዛ ሻጩ አንድም ቀን ፓስፖርት ጠይቆኝ አያውቅም። ዋጋ ሲጨምር ለግብፃዊቷም ለኔም ነው የሚጨምረው። ድምፅ ባይኖረን እንኳን ጆሮ ይኑረን ብዬ ነው ይህችን የጻፍኩት።

በዲሴምበር 2023 እዚህ አገር የፕሬዚዳንት ምርጫ ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ፋሪድ ዘህራን ይባላሉ፣ ያኔ የግብፅ ሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲ ሊቀመንበር ነበሩ። ፕሬዚዳንት አል ሲሲ ከ89 በመቶ በላይ አግኝተው አሸነፉ፣ ዘህራን 4 በመቶ ገደማ አግኝተው ሦስተኛ ወጡ። ሰውየው ተሸነፉ፣ ያነሱት ጥያቄ ግን አብሯቸው አልተሸነፈም። ባጭሩ የሚሉት ቅደም ተከተሉ ተሳስቷል ነው። አገር እየተበደረች በትልልቅ ግንባታ ላይ ስታፈስ ትምህርቱ፣ ህክምናውና ምርቱ ወደ ኋላ ቀረ ነው ክርክራቸው።

ፕሬዚዳንቱ ደግሞ ከምርጫው በፊት፣ በሴፕቴምበር 2023 መጨረሻ፣ የእድገት ዋጋው ረሃብና ጥም ከሆነ አንብላ አንጠጣ የሚል ንግግር አድርገው ነበር። ያኔ የምግብ ዋጋ ካለፈው ዓመት ጋር ሲተያይ ከ70 በመቶ በላይ ጨምሮ ነበር። እኔ ይህን የሰማሁት መዳሜ ሳሎን ቴሌቪዥን እያየች፣ እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። ለማን እንደተነገረ ገባኝ።

ግንባታው የትኛው ነው ካላችሁ ተጀሙዕ የምትሰሩ በየቀኑ ታዩታላችሁ። ተስዒን መንገድ ላይ የቆመው ረጅም ምሰሶ የሞኖሬል ነው። ከናስር ሲቲ እስከ አዲሱ የአስተዳደር ከተማ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ለሞኖሬሉ ብድር የእንግሊዝ መንግስት በ2021 የ1.7 ቢሊዮን ፓውንድ ዋስትና ሰጥቷል። በሜይ 2022 ደግሞ 2,000 ኪሎ ሜትር ለሚሆን የፈጣን ባቡር መስመር ከጀርመኑ ሲመንስ ጋር ውል ተፈረመ። የሲመንስ ድርሻ ብቻ 8.1 ቢሊዮን ዩሮ ነው። ፓውንድና ዩሮ እዚህ አገር አይታተምም፣ ብድሩ የሚመለሰው በውጭ ገንዘብ ነው።

«ታዲያ ይሄ ከኔ ሽንኩርት ጋር ምን አገናኘው? ምግብ ላይ ታክስ ተጣለ እንዴ?» ትሉ ይሆናል። እዚህ ያለው የተጨማሪ እሴት ታክስ 14 በመቶ ነው። እንደ ዳቦ፣ ወተትና እንቁላል ያሉት ዋና ዋና ምግቦች ግን ከሱ ነፃ ናቸው። ደረሰኝ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም። ነገሩ በሌላ በር ነው የሚገባው። አገር ብዙ የውጭ ዕዳ ሲኖርባት ዶላር ያጥራታል። ዶላር ሲያጥር ጊኒው ይወድቃል። በማርች 6 ቀን 2024 ከ31 ጊኒ አካባቢ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን ወደ 50 ተጠጋ። ግብፅ ስንዴዋን በብዛት ከውጭ ነው የምትገዛው፣ ዘይቱንም እንዲሁ። ጊኒው ሲወድቅ ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ ይወጣል። ስሙ ታክስ አይባልም፣ ከኪሳችን ግን እንደ ታክስ ነው የሚወጣው። ሁሉንም በባቡር ማላከክ ልክ አይሆንም፣ የዩክሬን ጦርነትም ስንዴውን አስወድዶታል። ዕዳው ግን ትከሻውን አስቀድሞ አጉብጦት ነበር።

በዚህ ላይ ከጁን 2024 ጀምሮ የድጎማው ዳቦ ከ5 ቂርሽ ወደ 20 ቂርሽ ከፍ ብሏል። እሱም በተምዊን ካርድ ነው፣ ካርዱ ደግሞ ለዜጋ ነው። እኛ መጀመሪያውኑ ዳቦ የምንገዛው በሙሉ ዋጋ ነው። ድጎማው ውስጥ የለንም፣ ውድነቱ ውስጥ ግን አለን።

ይህን ስል ባቡር ይቅር የምል እንዳይመስላችሁ። እዚህ ላይ ከተቃዋሚዎቹ አንዳንዶቹ ጋር አልስማማም። እኔን ከሐዳይቅ አል መዓዲ ሳዳት የሚያደርሰኝ ባቡር ነው። የሴቶቹ ፉርጎ ውስጥ ቆሜም ቢሆን ከሚክሮባስ ግፊያና ለከፋ ያሳርፈኛል። በ2019 ስመጣ ትኬቱ 3 ጊኒ ነበር፣ በኦገስት 2024 8 ገባ። ድሃ የሚሳፈርበት ባቡር ትኬቱ ይጨምራል፣ ድሃ የማይሳፈርበት ሰፈር ደግሞ አዲስ ባቡር ይሰራል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አገራችንም አይተነዋል። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሲጀምር ከቃሊቲ ወደ ሥራ እየሄድኩ በ4 ብር ተሳፍሬበታለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። 475 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ ነው፣ አብዛኛው ከቻይና ብድር። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ ግን በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። ዕዳው አልቆመም። ስለዚህ ባቡር ሲወራ ሦስት ነገር መጠየቅ ይበቃል። ማን ይሳፈርበታል? በምን ገንዘብ ተሰራ? ሲበላሽ በምን ይጠገናል?

አሁን ወደራሳችን ልመለስ። ሰልፍ እንውጣ፣ ታክሲ ውስጥ ፖለቲካ እናውራ አላልኩም፣ እንደሱ አታድርጉ። እኔ የምለው ዋጋውን እንጻፍ ነው። ደሞዝ እንዲጨመርልኝ ስጠይቅ መዳሜ «ሁሉም ነገር ተወዷል እኮ» አለችኝ። ለሷ ተወዶ ለኔ በድሮው ነው? ያን ቀን በእጄ ምንም አልነበረም፣ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ከሚመጣው ጁምዓ ጀምሮ እያንዳንዳችን በደብተር የዘይት፣ የሩዝ፣ የሽንኩርት፣ የእንቁላል፣ የዳቦና የሜትሮ ዋጋ እየጻፍን እንምጣ። በሦስት ወር ውስጥ ደሞዛችን ምን ያህል እንደሳሳ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። አንዷ ብቻዋን ስትጠይቅ «ይህቺ አበዛችው» ይባላል። ሁላችንም አንድ ዓይነት ወረቀት ይዘን ስንጠይቅ ግን ሌላ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ?

የባቡሩን ሂሳብ ማን እንደሚከፍል ትልልቆቹ ይከራከሩ። እኛም ከፋዮች መሆናችንን ግን ቢያንስ እኛ እንወቀው።