ሳይሰበር ቢፈታ

ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ፣ አሮጌ ሰፈር ሊፈርስ ነው ከተባለ ከኤክስካቫተሩ ቀድመው የሚደርሱት አሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ናቸው። ቆርቆሮውን ይቆጥራሉ፣ በሩን ያንኳኳሉ፣ ዋጋ ይጥላሉ። የበሰለው ነጋዴ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወራጁን በቢላ ጫር ያደርገዋል። ውስጡ ቀላ ብሎ ከሸተተ የሐበሻ ጥድ ነው፤ ምስጥ የማይደፍረው። እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ ከየት ይገዛል?

ነጋዴው ግን ለሁሉም አይደርስም። አፍራሹ ቀን ተቆርጦለታል። ቆርቆሮና በር እንደምንም ይወጣል፤ ወራጁ ከመሐሉ ተሰብሮ ማገዶ ይሆናል፤ ጠራቢ በመሮና በመዶሻ ቀኑን ሙሉ የደከመበት ጥርብ ድንጋይ ከጭቃው ጋር ተዛንቆ በሲኖትራክ ይጫናል። ወሩ ሳይሞላ እዚያው ቦታ ላይ ለሚጀመረው ግንባታ ድንጋይ ከከተማ ውጭ ካለ ካባ ይመጣል። ነዳጁን ሁለት ጊዜ ከፈልን ማለት ነው።

ማፍረሱን አልቃወምም። ስለ አሮጌ ቤት የሚቀኘው ብዙውን ጊዜ ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ ደቅኖ ያላደረ፣ ለጋራ መጸዳጃ ያልተሰለፈ ሰው ነው። ቅር የሚለኝ አፈራረሱ ነው።

ሙያው ጠፍቶ አይደለም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ግቡ። አንድ ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የተጣመመ ምስማር ሲያቃና፣ በየመጠኑ እየለየ ጣሳ ውስጥ ሲጥል አይቻለሁ። አጠገቡ ያለው ደግሞ የዛገ ማጠፊያ ናፍጣ ውስጥ ይዘፈዝፋል። ከበርሜል ምድጃ፣ ከፌሮ ቁርጥራጭ የመስኮት ፍርግርግ ይወጣል። ዳር ከተማ ላይ ቤት የሠራ ሁሉ አንድ ነገር ከእነሱ ገዝቷል። የቢሮው ሰው ግን ይህን የድሃ መላ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ባየኋቸው የጨረታ ሰነዶች ውስጥ ያገለገለ ዕቃ የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

ያገለገለ ዕቃ ግን የድሃ መላ ብቻ አይደለም። ቻይናዊው አርክቴክት ዋንግ ሹ ከባለቤቱ ከሉ ዌንዩ ጋር የኒንግቦን ሙዚየም የሠራው በፈረሱ መንደሮች ቦታ ላይ ነው። ከፍርስራሹ የተለቀመውን ጡብና የጣሪያ ሸክላ በግድግዳው ላይ ደረደረው። ብልሃቱን ያገኘው ከአካባቢው ግንበኞች ነው፤ አውሎ ነፋስ ቤት ሲንድባቸው የተገኘውን ስብርባሪ ሁሉ ደርድረው ግንብ ያቆማሉ። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2008 ተጠናቀቀ፤ በ2012 ዋንግ ሹ ፕሪትዝከር የተባለውን የአርክቴክቸር ሽልማት ተሸለመ። እኛም ዘንድ መሠረት የለም አይባልም። መካኒሳ የሚገኘው የነመስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ ዞማ ሙዚየም ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ ኤልያስ ራሱ ከመርካቶ የሚገዛውን የኮምፒውተር ውዳቂ በዓለም ሙዚየሞች የሚሰቀል ሥራ አድርጎታል።

የወደቀ ሁሉ ይነሳ አልልም። ተጣሞ የተቃና ፌሮ ፎቅ ለሚሸከም ኮለን አይታመንም፤ አስቤስቶስ ያለበት ክዳን በጥንቃቄ ተለይቶ መወገድ አለበት። እንጨት፣ ድንጋይ፣ በርና መስኮት ግን ምን በደሉ? የማፍረሻ ውሉ ላይ ከማሽኑ በፊት ለአናጺና ለግንበኛ ጥቂት ቀን ይሰጥ፤ በየክፍለ ከተማው የወጣው ዕቃ የሚከማችበት አንድ ግቢ ይታጠር። ባለሀብቱ «ጊዜ የለኝም» ይላል። ፈርሶ፣ ታጥሮ፣ ክረምትና በጋ ሣር ሲያበቅል የሚከርመውን ቦታ ያየን ሰዎች ይህን አንቀበለውም።

ልደታ ያለው ሕንፃ ኮሌጅም የአንድ ሴሚስተር የዲዛይን ሥራ ከምናለሽ ተራ በተገዛ ዕቃ ብቻ ይሠራ ቢል ደስ ይለኛል። ከልደታ መርካቶ እንደሆነ በእግርም ያስኬዳል።