ነፍሰ ጡሯን ስትለኩ አማቷንም

እስቲ ኦቾሎ ደርሳችሁ የምታውቁ፣ ያቺን አለት ላይ የተሰቀለች መንደር አስታውሱ። በጋሞ ቤት የቡና ቅጠል ሲፈላ ቅመም አለው፤ ጨውም አለው። አባትም እናትም ከዚያው ማሰሮ ይጠጣሉ። ኩላሊታቸው ግን ያንን ጨው እኩል አያስተናግደውም።

ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራል። አብሮት ከወጣው ጨው ከመቶ 99 ያህሉን መልሶ ወደ ደም ያስገባል። ትንሽ አብዝቶ ከመለሰ ውሃውም አብሮ ይቀራል፤ የደም ግፊትም ይጨምራል። የጾታ ሆርሞኖች እጃቸውን የሚያስገቡት እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ፕሮጄስትሮን፣ ኩላሊትን «ጨው ያዝ» የሚለውን አልዶስትሮን የተባለ ሆርሞን ቦታውን እየተሻማ ያዳክመዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ ሴት አይጦች የተሰጣቸውን ጨዋማ ውሃ ከወንዶቹ ፈጥነው አስወግደዋል።

አይጥ ሰው አይደለም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን በሰውም ቢሆን የወጣት ሴቶች ግፊት በአማካይ ከወንድ እኩዮቻቸው ዝቅ ይላል። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ይህ ብልጫ እየጠፋ ይሄዳል፤ ጨውም ግፊታቸውን ይበልጥ ከፍ ያደርገዋል። ዕድሜም የራሱ ድርሻ አለው።

እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው። እናቶቻችን ክንዳቸው ላይ የግፊት መለኪያ የሚታሰርላቸው መቼ ነው? ሲያረግዙ! ተገቢ ነው፤ የእርግዝና ግፊት ይገድላል። መውለድ ሲያቆሙ ግን እነሱና ጤና ጣቢያው ይራራቃሉ። ሆርሞኖቹ የሚቀንሱት ደግሞ ልክ በዚያን ጊዜ ነው። ግፊት ሳያሳምም ከርሞ አንድ ቀን በስትሮክ ይጥላል። ያኔ «ደህና ነበረች እኮ!» እንላለን።

እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት አንድ አዋቂ ኢትዮጵያዊ በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው ይበላ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ከ5 ግራም በታች ነው።

የቡና ቅጠሉ ይቅር አላልኩም። ጨው ቀነስ ይደረግበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ነፍሰ ጡሯን ልትጠይቅ ዳገቱን ስትወጣ፣ ምድጃው አጠገብ የተቀመጡትን አማቷን አትለፋቸው። መለኪያው ያው ነው። የሚጨመረው አንድ ክንድ ብቻ ነው።