የኪራይ ሚክሰርና የፈረንሳይ ቁልቁለት

በዲፓርትመንታችን ሚክሰር የማያውቅ የለም። ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ ሲሚንቶው ከአሸዋና ከጠጠር ጋር በምን መጠን እንደሚገባበት በቃላችን እንወጣዋለን። ሚክሰሩ ሳይት ድረስ እንዴት እንደሚመጣ ግን በክፍልም ሆነ በተግባር ልምምድ ያነሳልን የለም። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት ነው የማየው። ነገ ተመርቀን ስንወጣ የኪራይ ውሉ ላይ የምንፈርመው እኛው ነና!

ለልምምድ የወጣሁበት ሳይት የካ ክፍለ ከተማ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣ ዳገት ላይ ነበር። ሚክሰሩ የመጣው ከአይሱዙ ኋላ በገመድና በሽቦ ታስሮ ነው። አከራይና ተከራይ በቀን ሂሳቡ ላይ እስኪበቃቸው ተከራክረዋል፤ ስለ ማሰሪያው የጠየቀ አልነበረም። መኪናው ሲቆም ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀ። በቃ፣ የሚክሰሩ ፍሬን እሱ ነበር። በዚያው መንገድ የጭራሮና የቅጠል ሸክም ያዘሉ እናቶች፣ አህዮችና ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ይወርዳሉ።

እስቲ በተማርነው እንየው። 1,500 ኪሎ የሚመዝን ሚክሰር 10 በመቶ ተዳፋት ላይ ሲቆም ወደ ታች የሚስበው ኃይል ከ150 ኪሎ ክብደት ጋር እኩል ነው። ይህ እንግዲህ ቆሞ ሳለ ነው። ካመለጠ ደግሞ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር የእንቅስቃሴ ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ገመድ መሳብ እንጂ ገፍቶ መያዝ አይችልም። ዳገቱን ያወጣው ገመድ ቁልቁለቱ ላይ ይላላና ሚክሰሩ ወይ የአይሱዙውን ጀርባ ይደቃል፣ ወይ ወደ ጎን ይታጠፋል። «ካያያዝ ይቀደዳል» የሚባለው ለጨርቅ ብቻ አይደለም።

መደረግ ያለበት ውስብስብ አይደለም። ሚክሰሩ የራሱ ጠንካራ የብረት መጎተቻ ይኑረው፤ ፒኑም እንዳይወጣ መቆለፊያ ይደረግበት። ከመጎተቻው ሥር ሁለት ሰንሰለቶች በመስቀልኛ ይታሰሩ። ፒኑ ቢሰበር መጎተቻው ሰንሰለቶቹ ላይ ያርፋል እንጂ አስፋልቱን አይወጋም። ከበሮው ውስጥ የደረቀ ኮንክሪት ካለ ሳይራገፍ እንዳይነሳ፤ ክብደቱ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ቆሞ፣ ሞዞው መጋሉን በእጅ ጠጋ ብሎ ማየት ብዙ ነገር ይናገራል፤ ኩሽኔታው ካለቀ ያኔ ይታወቃል። ቁልቁለቱ ሳይጀመር ከባድ ማርሽ ማስገባት፣ የሚክሰሩ የኋላ መብራትና ለድንጋዩ ምትክ የሚሆን ደህና ታኮም አይረሱ። የብረት ጎማ ያለውን ትንሹን ሚክሰር ግን ባይጎትቱት እመርጣለሁ፤ መኪና ላይ ይጫን።

«ሹፌሩ ያውቃል» የሚሉ አሉ። ሁሉም ያውቃል ወይ? ባለተሳቢ ከባድ መኪና ለመንዳት ራሱን የቻለ የመንጃ ፈቃድ ደረጃ የተበጀለት (ድሮ አምስተኛ የሚባለው) መጎተት ሌላ ሙያ ስለሆነ ነው። በየሳይቱ ሚክሰር የሚያደርስ የትንሽ አይሱዙ ሹፌር ዛሬ ገና የመጀመሪያው ቀን ሊሆን ይችላል፤ የሚከፈለውም በምልልስ ነው። ለመፈተሽ ጊዜ የሚሰጠው የሳይቱ መሐንዲስ ካልሆነ ማን ይሆናል?

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ በዎርክሾፕ የግማሽ ቀን ልምምድ ይኑረን፤ መቀጠል፣ ማሰር፣ ታኮ ማድረግ። ሁለተኛው፣ በኮንትራት ትምህርታችን የምንሠራው የናሙና የኪራይ ውል፣ መጎተቻውንና ሰንሰለቱን ማን እንደሚያቀርብ፣ ከመነሳቱ በፊት ማን አይቶ እንደሚፈርም የሚል አንቀጽ ይጨመርበት። አከራዮች ዋጋ ይጨምራሉ ያለኝ ጓደኛ አለ። ይጨምሩ፤ የሰንሰለት ዋጋ ከአንድ ቀን ኪራይ ጋር ተነጻጽሮ ይታይ።