በብሬተን ዉድስ ወንበር ነበረን

አይ.ኤም.ኤፍ. (ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት) ሲነሣ ብዙዎቻችን የሚታየን ሌሎች የመሠረቱት፣ እኛ ዘግይተን የተበደርንበት ድርጅት ነው። በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ስሙ ከቤታችን ወሬ አይጠፋም። ድርጅቱ የተመሠረተበትን ሆቴል ታሪክ ያነበበ ሰው ግን የአገራችንን ስም እዚያው ያገኘዋል።

ማውንት ዋሽንግተን ሆቴል የሚገኘው በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ግዛት፣ ብሬተን ዉድስ በተባለ ስፍራ፣ 1,917 ሜትር ከፍታ ባለው ተራራ ግርጌ ነው። ያሠራው በድንጋይ ከሰልና በባቡር ሐዲድ የበለጸገው ጆሴፍ ስቲክኒ ሲሆን፣ 250 ያህል ጣሊያናውያን ባለሙያዎች ደክመውበት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1902 ተከፈተ። ስቲክኒ በተከታዩ ዓመት ሞተ። የከተማ ባለጸጎች ግን ሙቀቱን ሸሽተው በባቡር መጉረፋቸውን ቀጠሉ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲበረታ ሆቴሉ ተዘጋ።

ዳግም የተከፈተው ለአንድ ታላቅ ጉባኤ ነው። ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 15 ቀን 1936 ዓ.ም. የ44 አገሮች 730 ያህል ልዑካን ከጦርነቱ በኋላ የዓለም ገንዘብ በምን ሥርዓት እንደሚመራ ሊመክሩ ገቡበት። የእንግሊዙ ጆን ሜናርድ ኬንስ ስብሰባው በዋሽንግተን የሐምሌ ሙቀት እንዳይሆን አጥብቆ ጠይቆ ስለነበር የተራራው ቀዝቃዛ አየር ተስማማ። ጥገናው በጥድፊያ ነበር፤ ክፍሎቹም ለእንግዳው ሁሉ አልበቁም። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትና የዓለም ባንክ የተጠነሰሱት እዚህ ነው።

ኢትዮጵያን ወክለው የተቀመጡት በዋሽንግተን ሚኒስትራችን የነበሩት ብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅንና የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ገዥ አሜሪካዊው ጆርጅ ብሎወርስ ነበሩ። ጊዜውን እናስብ። አገሪቱ ከፋሺስት ወረራ ነፃ ከወጣች ገና ሦስት ዓመቷ ነው። በገበያችን የሚዘዋወረው የማሪያ ቴሬዛ ብርና የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነበር፤ የራሳችን አዲስ ገንዘብ የወጣው ከጉባኤው አንድ ዓመት በኋላ ነው። ገና ገንዘቧን በማደራጀት ላይ የነበረች አገር በዓለም ገንዘብ ጉዳይ ለመምከር ተቀመጠች። በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. የገንዘብ ድርጅቱን መመሥረቻ ስምምነት ከፈረሙት የመጀመሪያዎቹ 29 አገሮችም አንዷ ሆነች።

ድምፃችን ትንሽ እንደነበረ አይካድም። ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ 6 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን የአሜሪካ 2 ቢሊዮን 750 ሚሊዮን ነበር፤ የድምፅ ክብደት ደግሞ በኮታ ይለካል። ሆኖም ትንሽ ድርሻ ያለው መሥራችም መሥራች ነው። የኮታው ሚዛን ይስተካከል ብሎ ለመጠየቅ ከእኛ የተሻለ ታሪካዊ መብት ያላቸው አገሮች ጥቂት ናቸው።

አሜሪካኖች የጉባኤው ሰነድ የተፈረመበትን የሆቴሉን ወርቃማ ክፍል ጠብቀው ለጎብኚ ያሳያሉ። እኛ ደግሞ የብላታ ኤፍሬምን ስም በታሪክና በኢኮኖሚክስ መማሪያ መጻሕፍታችን ውስጥ ልናሰፍረው ይገባል። ስለ ብድርና ስለ ምንዛሪ የሚደራደሩ ወጣት ባለሙያዎቻችን፣ ይህን ድርጅት ካቆሙት አገሮች የአንዷ ልጆች መሆናቸውን አውቀው ይቀመጡ።