አሰልጣኙ ሲሄድ ዕድገት፣ ተጫዋቹ ሲሄድ ክህደት?

በአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ትምህርት ቤት የሚቀይር ተጫዋች ሁሉ ከፈተና የሚሸሽ፣ ታማኝነት የጎደለው ነው የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ፍርዱ ሚዛን የለውም።

ተጫዋቹ ዋልተር ክሌይተን ጁኒየር በ2023 አዮና ዩኒቨርሲቲን ትቶ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከምን ሸሸ? አዮና በሚጫወትበት ሊግ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ነበር። ቀድሞ የሄዱትም የአዮናው አሰልጣኝ ናቸው፤ ሪክ ፒቲኖ በዚያው ዓመት ወደ ሴንት ጆንስ አቀኑ። እሳቸውን ያልነካ ወቀሳ በ20 ዓመት ወጣት ላይ ለምን ይወርዳል? ልጁ ደግሞ የተመለሰው ወደ ተወለደበት ግዛት ነው።

«ለራሱ እንጂ ለቡድን አይጫወትም» የሚለውማ ጭራሽ አያስኬድም። በ2025 የአገር አቀፉ የኮሌጆች ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ኦበርን ላይ 34 ነጥብ አስቆጠረ። በፍጻሜው ግን ሂውስተን አጥብቆ ያዘው፤ እስከ ዕረፍት አንዲት ነጥብ አላገኘም። ኳሱን ለጓደኞቹ አቀበለ፣ በሁለተኛው አጋማሽ 11 አስቆጠረ፣ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ዘልሎ የሂውስተኑን ተኳሽ ኳሱን ያስጣለው እሱ ነው። ፍሎሪዳ የ12 ነጥብ ልዩነት ቀልብሶ 65 ለ 63 አሸነፈ።

ኮከባቸውን የሚነጠቁ ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ቅሬታ ግን እውነተኛ ነው፤ ያማል። እንግዲያው የዝውውር ደንቡን ያወጡት አስተዳዳሪዎች ይጠየቁ፤ ተጫዋቹን ተዉት።