ውሻዎ ሐኪም ፊት ሲቀርብ

በጭልሞ ጫካ ዙሪያ፣ በጊንጪና በገጠሩ፣ ውሻ ግቢ ይጠብቃል። ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሲነዱ የምናየው ግን ላምና በሬ ነው።

የውሻ ምርመራ ከባድ አይደለም። ሐኪሙ በቅድሚያ አካሄዱንና አተነፋፈሱን ራቅ ብሎ ያያል። ቀጥሎ ዓይኑን፣ ጆሮውንና ጥርሱን ይመለከታል። ድዱን በጣቱ ተጭኖ ይለቃል፤ የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ተመልሶ መቅላት አለበት። የልብ ትርታውን በጭኑ ውስጠኛ በኩል ይቆጥራል፤ ንፍፊቱንና ሆዱን ይዳስሳል። ሙቀቱንም በፊንጢጣ ይለካል። በነርስነት ዘመኔ 38.5 ዲግሪ ስመለከት ትኩሳት ብዬ እመዘግብ ነበር፤ ለውሻ ግን ጤነኛ ሙቀት ነው።

በእጅ ዳሰሳ የማይገኘውን የሚናገረው ባለቤቱ ነው። ከጫካ ከወጣ ቀበሮ ጋር ተናክሶ ከሆነ፣ ጠባዩ ከተለወጠ ወይም ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ ይዘውት ከመሄድዎ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀንም ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ቡችላዎ 3 ወር ሲሞላው ክትባቱን ያስከትቡ፤ ልጆችዎ አብረውት ይጫወታሉና።