የኪስ ሰንጢ በዲላ ገበያ

ሰንጢ ከሱቅ ዕቃ ሁሉ እጅግ የተናቀው ነው። በደርዘን ተገዝቶ በካርቶን ይመጣል፤ ከባትሪ ድንጋይና ከክብሪት አጠገብ ይሰቀላል፤ ባለሱቁም ስለ እርሱ ብዙ አያስብም። ዳሩ ግን የጆንያ አፍ የተሰፋበትን ሲባጎ የሚፈታው የመጋዘን ሠራተኛ፣ የቃጫ ገመድ የሚያሳጥረው ገበሬ፣ የእንሰት ቅጠል ቆርጦ ዕቃ የሚጠቀልለው ገበያተኛ፣ ሸንኮራ እየላጠ የሚሸጠው ልጅ ሁሉ ይህንኑ ትንሽ ዕቃ ይፈልጋሉ። ስለዚህ የዲላ፣ የወናጎና የይርጋጨፌ ነጋዴዎች ሰንጢን በመልኩና በርካሽነቱ መምረጥ ትተው በብረቱና በመቆለፊያው እንዲመርጡ፣ ይልቁንም የሐሰት ስም የተቀረጸበትን ከመደርደሪያቸው እንዲያወጡ ማሳሰብ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ብረቱን እናስቀድም። የሰንጢ ስለት ባብዛኛው ከሁለት ዓይነት አረብ ብረት ይሠራል። አንደኛው ካርቦን የበዛበት ተራው ነው፤ ይህ በቀላሉ ይሳላል፤ ነገር ግን እርጥበት ሲያገኘው ይዝጋል። ሁለተኛው ክሮም የተጨመረበት የማይዝገው ሲሆን ለሰንጢ የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 13 እጅ ገደማ ክሮም አለበት። የጌዴኦ ምድር ዝናብ የሚበዛበት ነው፤ የእሸት ቡናና የፍራፍሬ ጭማቂም አሲድነት አለው። ካርቦን ያለበት ስለት በዚህ ርሶ ሳይጠረግ ቢያድር ጧት ጠቁሮ ይገኛል። እንግዲህ ለቡናና ለአትክልት ሥራ የማይዝገው ይሻላል፤ ለአናጢ ግን ካርቦኑን እመርጣለሁ፤ አናጢ መሣሪያውን መጥረግና መሳል የለመደ ሰው ነውና።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ማግኔት የያዘው ብረት ሁሉ ይዝጋል፣ ማግኔት ያልያዘው ግን እውነተኛ ነው ይባላል። ለማንኪያና ለድስት እንደሆነ ይሁን። ለሰንጢ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ በእሳት ግሎና ቀዝቅዞ የሚጠነክረው፣ ስለትም የሚይዘው የማይዝግ ብረት ማግኔት ይስበዋል። ማግኔት ፈጽሞ የማይስበው ስለት አብዛኛውን ጊዜ የማንኪያ ብረት ስለሆነ ቶሎ ይዶለዱማል። ማግኔት ይዞ ወደ ጅምላ ሻጭ የሚሄድ ነጋዴ ይህን ሳያውቅ ቢመርጥ ደኅናውን ትቶ መናኛውን ይዞ ይመለሳል።

ስለ መቆለፊያው ደግሞ፣ በሞላ ብቻ የተያዘ ሰንጢ ጫፉ በጠንካራ ነገር ላይ ሲጫን ተመልሶ በጣት ላይ ሊታጠፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ የሚሠራው የፈረንሳይ ኦፒኔል ሰንጢ እ.ኤ.አ. በ1955 ይህን የሚከለክል ተሽከርካሪ ቀለበት ተጨመረለት፤ አሠራሩም እጅግ ቀላል ነው። ባለ 8 ቁጥሩ ስለቱ 8 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ ለኪስ ሥራ ከዚህ የሚረዝም አያስፈልግም። አስመጪ ናሙና ሲቀርብለት ሰንጢውን ከፍቶ ስለቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያነቃንቀው፤ ከተወዛወዘ አይግዛው። ሲዘጋም ጫፉ በእጀታው ውስጥ ገብቶ መሰወሩን ይመልከት፤ ወረቀትም ይቁረጥበት። ናሙናውንም ከካርቶኑ ሥር ያውጣ፤ ከላይ የሚቀመጠው ምንጊዜም ደኅና ነው! በሞላ ተስፈንጥሮ የሚከፈተውን ግን ባያመጣው ደስ ይለኛል፤ ሰንጢ ሲባል ጠብ የሚታሰበው በእርሱ ምክንያት ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚከፋው የስም ነገር ነው። ሶሊንገን የምትባለው የጀርመን ከተማ ስም እ.ኤ.አ. በ1938 በወጣ ሕግ ጥበቃ አግኝቷል፤ በዚያ አካባቢ ያልተሠራ ስለት ይህን ስም መሸከም አይገባውም። የስዊስ ወታደሮች ሰንጢ ምልክት የሆነው መስቀልም እንዲሁ በየአገሩ ይቀዳል። እኛ ደግሞ የስምን ዋጋ የምናውቅ ሰዎች ነን። መንግሥታችን ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ የተከራከረውን፣ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት የተደረገበትንም ጉዳይ የዲላ ቡና ነጋዴዎች አይዘነጉትም። ለቡናችን ስም ዋጋ ይከፈል ብለን ስናበቃ የሌላ ከተማ ስም ተሰርቆ የተቀረጸበትን ሰንጢ በሱቃችን ብንሰቅል ምን ብለን እንመልሳለን? ይህን ስል የቻይናን ዕቃ መንቀፌ አይደለም። የጓንግዶንግዋ ያንግጂያንግ ከተማ በስለት ሥራ የታወቀች ናት፤ በራሱ ስም የመጣና የብረቱ ዓይነት የተገለጸበት ዕቃ ከየትም ቢመጣ የተከበረ ነው።

ገዢው ርካሹን ይፈልጋል የሚል ነጋዴ አይፈረድበትም። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ዕቃ ከብዷል። ነገር ግን በውድ የተገኘውን ዶላር በለቀማ መካከል ለሚሰበር ሰንጢ ማውጣት ለእኔ ቁጠባ አይመስለኝም። ዐሥር ዓይነት ከመደርደር ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ብቻ መያዝ ይቻላል። ካርቶኑም ብረቱን የማይገልጽ ከሆነ ባለሱቁ ከአስመጪው ጠይቆ በወረቀት ጽፎ ይለጥፍበት። የአገራችን ቀጥቃጮች ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የሚያወጡት ስለት ደግሞ የሚናቅ አይደለም፤ የሚያስቸግራቸው ማጠፊያውና ሞላው ነው። ይህን አስመጥቶ ከእነርሱ ጋር የሚሠራ ነጋዴ ቢገኝ ገበያ የሚያጣ አይመስለኝም።

የእሸት ቡና ለቀማ በጥቅምት ስለሚጀምር ዕቃው በመስከረም ዲላ መድረስ አለበት፤ ትእዛዙም ክረምቱ ሳይገባ ይላክ። ከሰንጢውም ጋር ጥቂት የመሳያ ድንጋይ ይታዘዝ፤ ሰንጢ የገዛ ሁሉ ውሎ አድሮ ይጠይቀዋልና።